ስምና ባለስሙ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ሳይለምን ከሚሰጡት ስጦታዎች ሁሉ እስከ ዕለተ ሞቱ ከእርሱ የማይለየው ስሙ ነው። ልብሱ ያረጃል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ ሹመቱም ለሌላ ይተላለፋል። ስሙ ግን አብሮት ይኖራል፤ «ስም ከመቃብር በላይ ነው» እንደ ተባለውም ከሞቱ በኋላ ይጠራል። ይሁን እንጂ ስሙን ያወጡለት ሌሎች፥ የሚጠሩትም ሌሎች፥ በመዝገብ የሚጽፉትም ሌሎች ናቸው፤ ባለስሙ ራሱ ስሙን የሚጠራው ከሁሉ ባነሰ ጊዜ ነው። እንግዲህ ስም የማን ነው? ትርጉሙስ የሚመጣው ካወጡት ሰዎች ሐሳብ ነውን፥ ወይስ ከባለስሙ ሥራ? ይህን ጥያቄ በአንድ ስም ምሳሌነት ልንመረምረው እንሞክራለን። ስሙም ደራርቱ ነው።

ከአሰላ በስተምሥራቅ የሚገኘው የዲክሲስ አገር እንደ ሌላው የአርሲ ደጋ ሁሉ የገብስና የስንዴ፥ የባቄላና የአተር አገር ነው። ክረምቱ አልፎ ደመናው ሲገፈፍ መስኩ ቢጫ ይለብሳል፤ ባቄላው ያብባል፤ ንቡም ከአበባ ወደ አበባ ይመላለሳል። የአገሩ ሕዝብ በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ «ደራራ» ማለት አበባ ማለት ነው። ለወንድ ልጅ ይኸው ቃል ራሱ ስም ይሆናል፤ ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ደራርቱ ይባላል፤ ይኸውም የምታብብ፥ ያበበች ማለት ነው።

ይህን ስም ለማስተዋል የአራሹን ልብ ማወቅ ያስፈልጋል። አራሽ አበባ ፍሬ እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በአበባና በአውድማ መካከል ውርጭ አለ፥ በረዶ አለ፥ ተባይ አለ። ስለዚህ ልጁን ደራርቱ ብሎ የሚጠራ አባት በልጁ መመካቱ አይደለም፤ «እነሆ አብባለች፥ ፍሬዋን ደግሞ ያሳየን» ብሎ መለመኑ ነው። ስሙ እኩሌታው ምስጋና፥ እኩሌታው ጸሎት ነው። እንዲህም ከሆነ ስሙ አስቀድሞ ግዴታ የሚጥለው በሕፃኗ ላይ ሳይሆን ስሙን ባወጡላት ላይ ነው። ችግኝ ተክሎ ውሃ የነፈገ ሰው «ስለ ምን አላበበም?» ብሎ ሊጠይቅ እንደማይገባው ሁሉ፥ ለልጁ የአበባ ስም ሰጥቶ ከትምህርት የሚያስቀራት ወይም ያለ ዕድሜዋ የሚድራት ወላጅ የሰጣትን ስም በገዛ እጁ መልሶ ይነጥቃታል።

ከፍጥረት ስም መዋስ የአንድ ሕዝብ ብቻ ልማድ አይደለም። በአማርኛ ዘነበ የሚባል ሰው ቢኖር፥ በአፋን ኦሮሞ ሮባ፥ ማለት ዝናብ፥ የሚባል አለ። ፀሐይ ካለች ቢፍቱ አለች፤ ኮከብ ካለች ኡርጂ አለች፤ ለምለም ካለች ላሊሴ አለች። አበበች ካለችም ደራርቱ አለች። የእስልምና ተከታይ የሆነው የአርሲ ሰው ልጁን ሸምሱ ወይም በድሩ ብሎ ሲጠራ፥ በዐረብኛው ፀሐይንና ሙሉ ጨረቃን መጥራቱ ነው። እንዲህ ያለው ስም ዓለማዊ ነው፥ ከመጽሐፍ የተገኘ ስም ይሻላል የሚል ቢኖርም፥ የመጽሐፉን ስሞች ራሳቸውን በዕብራይስጥ ትርጉማቸው ይመልከት። ሶስና የአበባ ስም ነው፤ ትዕማር ተምር፥ ዮናስ ርግብ፥ ዲቦራም ንብ ማለት ነው። የጥንት አባቶችም እንደ ዲክሲስ አራሽ ከደጃቸው ወጥተው ያዩትን ለልጃቸው ስም አድርገው ሰጥተዋል።

ነገር ግን ትርጉሙ ያማረ ስም ሁሉ ስመ ጥር አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፥ ማለት በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ፤ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ከ32 ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ ወር 1984 ዓ.ም.፥ በአርሲ በቆጂ የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ሩጫን አሸንፋ ለዚሁ ክብር የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯም በዘር መድልዎ ምክንያት ለብዙ ዘመን ከኦሎምፒክ ተለይታ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነው። አሸናፊዋና ተሸናፊዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

አበበ በአማርኛ፥ ደራርቱም በአፋን ኦሮሞ የሚናገሩት ስለ አንድ አበባ ነው፤ ቢቂላ የሚለውም በአፋን ኦሮሞ የበቀለ ቡቃያ ማለት ነው። ይህን የሚመለከት ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን አባባል ሊያነሣ ይችላል። ነገሩ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም አእምሮ ሲመረምረው አይጸናም። አበበ የተባሉ ስንት ሰዎች፥ ደራርቱም የተባሉ ስንት ሴቶች ማንም ሳያውቃቸው ኖረው አልፈዋል። መልአኩ ለእነዚያ ያወጣው ስም ሐሰት ነበርን? አይደለም። ስም ሰውን አያሮጥም፤ ሰው ስሙን ይዞ ይሮጣል። ውሃ ቀድታ፥ አርሳና አጭዳ፥ ልጆቿን ለቁም ነገር ያበቃች የዲክሲስ እናትም ስሟን ፈጽማዋለች። ፍሬ ሁሉ በአደባባይ አይታይምና።

ከ1984 ዓ.ም. አስቀድሞ ከቋንቋው ተናጋሪዎች ውጭ እምብዛም ያልተለመደው ይህ ስም ከዚያ ወዲህ በመላው አገር ታወቀ። ስም ሲታወቅ ግን ክብሩ ይጨምራል፥ ትርጉሙም ይደበዝዛል። ዛሬ ደራርቱ ሲባል የሩጫው ሜዳ ትዝ የሚለው እንጂ የባቄላው አበባ የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። ስለ ሯጯ ፍቅር ልጁን በስሟ የሚጠራ ወላጅ መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን የድሉን ስም ብቻ የሰጠ እንደ ሆነ ሕፃኗን ገና ሳትራመድ ባለዕዳ ያደርጋታል። የአበባውን ትርጉም ጨምሮ ቢነግራት ግን ስሙ ቀሎ ይከብዳል፤ በራሷ ጊዜና በራሷ መሬት እንድታብብ ይፈቅድላታልና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። አበበችና ደራርቱ ትርጉማቸው አንድ ከሆነ አንዱን በሌላው መለወጥ ምን ጉዳት አለው? ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የቀረ ክርክር አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ከኦሮሞና ከሌሎችም ሕዝቦች ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ስማቸው በአማርኛ ስም ተለውጦባቸዋል። ለዋጩ ምናልባት ለልጁ የሚበጀውን ያደረገ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ስም ትርጉም ብቻ አይደለም፤ ሕፃኗ ትርጉሙን ሳታውቅ ዘወር ያለችበት የእናቷ ድምፅም ነው። ትርጉም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራል፤ ያ ድምፅ ግን አይሻገርም። ስሟ የተለወጠባት ልጅ በቤቷ አንድ ሰው፥ በክፍሏ ሌላ ሰው ሆና ትኖራለች፤ የቤቷን ስም ማፈርም ትማራለች። በክርስትና ጊዜ የሚሰጠውን ስም በመጥቀስ ለመከራከር የሚሻ ቢኖር፥ ያ በስም ላይ ስም መጨመር ነው፤ የእናት አጠራር እንደ ነበረ ይቀጥላል። በመጨመርና በመንጠቅ መካከል ያለውን ልዩነት ሕሊና ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ያ ዘመን አልፏል፤ አደራው ግን አላለፈም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፥ የሕፃን ስም በጸሐፊ ብዕር ይጸናል። በአንዱ ማስረጃ ደራርቱ፥ በሌላው ዴራርቱ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ባለስሟ እኔ እኔ ነኝ ብላ ለማስመስከር ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለች። ለጸሐፊው ያመለጠችው አንዲት ፊደል ናት፤ ለእርሷ ግን የዓመት ሥራ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ ስም የማን ነው ብለን ለጀመርነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ስም ለወላጅ ጸሎቱ፥ ለባለስሙ ሥራው፥ ለቀረነው ለሁላችን ደግሞ አደራችን ነው። የመዝገብ ሹም ስሙን ከእናቲቱ አፍ እንደ ሰማው ይጻፍ። አስተማሪም በዓመቱ መጀመሪያ ስም ሲጠራ፥ የማያውቀው ስም ቢያጋጥመው ከመለወጥና ከመሳቅ ተቆጥቦ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ልጅቱ «አበባ ማለት ነው» ብላ በመለሰች ጊዜ፥ ያ ክፍል አንድ ቃል ይማራል፤ እርሷም በገዛ ስሟ ቀና ብላ መቀመጥን ትለምዳለች።