የበዓል ቀን እንግዳ

ሰው ወዳጁን ሊጠይቅ ሲሄድ መሄዱ ብቻ ይበቃልን? ወይስ በምን ቀንና በምን ምክንያት እንደ ሄደም ሊጠየቅ ይገባዋል? ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ከቁም ነገር የሚቆጠር አይመስልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እስከ 2011 ዓ.ም. ክረምት ድረስ እንዲህ ያለውን ነገር አስቦት አያውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር የአሸንድዬን በዓል ለማየት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ላስታ ላሊበላ ተጓዝሁ። በደሴና በወልድያ አልፈን፣ ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፈን፣ ጭቃና ጉም ሲያጓትቱን ቆይተው ደረስን። በመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ክፍል ተጋርተን የኖርን፣ አንዲት ብርድ ልብስ ለሁለት የለበስን ወዳጄ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር እንደሚያስተምር አውቅ ነበርና፣ እግረ መንገዴን ልጠይቀው አሰብሁ። «እግረ መንገዴን» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የጻፍሁት። ከተለያየን ሃያ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

አሸንድዬ የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ በዓሉ ስሙን ያገኘበትን ረጅምና ለምለም ቅጠል በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የማንንም ደጃፍ ለመርገጥ ትውውቅ አያሻቸውም። ዘፈኑ ራሱ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ባለጸጋውን አወድሰው ድኻውን አይዘሉም፤ የተጣላ ቢኖር እንኳ በዚያ ቀን በሩን አይዘጋባቸውም። በዓል የተባለው ነገር፣ ሰው በራሱ ተነሣሽነት ሊከፍተው የሚያፍረውን በር ኅብረተሰቡ በጋራ የሚከፍትበት ብልኃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኔም የሃያ ዓመት እፍረቴን ተሸክሜ በዚያው በተከፈተው በር ገባሁ።

አቀባበሉን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ!» እያለች ከማድቤት ወጣች፤ ልጆቹ ጉልበቴን ሳሙ፤ ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ያን የተራብንበትን ዘመን እያነሣን ሳቅን። ለስጦታ የያዝሁለት፣ በተማሪነታችን እየተሻማን ያነበብነው ልብ ወለድ ነበር። ተቀብሎ ሽፋኑን በእጁ ዳበሰው፤ ከዚያም አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናትን ልጁን ጠርቶ «ነይ፣ ለእንግዳችን አንብቢለት» አላት። ልጅቱ የመጀመሪያውን ገጽ ጥርት ባለ ድምፅ አነበበች። አባት በልጁ መኩራቱ ነው ብዬ እጅግ ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ የከበሮው ድምፅ ከደጅ ተሰማ፤ ልጃገረዶቹ ገቡ፤ የቤቱን ጌታ በስሙ እየጠሩ አወደሱት፤ እርሱም ሸለማቸው።

ሲሸኘኝ ክንዴን ይዞ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ መጣ። «እስከ ተነገ ወዲያ ብትቆይልኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። «ዛሬ እኮ የበዓል ሰው ነኝ። ምኑን ተጫወትነው?» መኪናው ነገ ጠዋት ይነሣል ብዬ መለስሁለት። እውነት ነው፣ መኪናው በማግሥቱ ተነሥቷል። ነገር ግን ባልደረቦቼን አንድ ቀን ጠብቁኝ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ስለ ወዳጅነት ሁለት ክፍል ሙሉ አትቷል። የቦታ ርቀት ወዳጅነትን ፈጽሞ ባያፈርሰውም ሥራውን እንደሚያስተጓጉለው፣ መለያየቱ እጅግ ሲረዝም ግን ወዳጅነቱ ራሱ ወደ መረሳት እንደሚያዘነብል ያስረዳል። እኔ ይህን ስመለስ በመኪናው ውስጥ አስታውሼ ራሴን ነጻ አወጣሁበት። ሥራው ቢስተጓጎልም ወዳጅነቱ አለ፤ ይኸው ሄጄ አየሁት፤ ደኅና ነው አልሁ። ስሕተቱ «አየሁት» በሚለው ቃል ላይ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። የአሸንድዬ ሰሞን በዚያ ጨለማ ውስጥ አለፈ። በእነዚያ ወራት የደወልሁትን ብዛት አላውቀውም። ስልኩ ደኅና በነበረባቸው ሁለት ዓመታት ግን የደወልሁት ለእንቁጣጣሽና ለገና ብቻ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ያኔም ቢሆን ከበዓል ቀን አላለፍሁም።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን መስመሩ ጠራ። ያነሣችው ያቺው ልጅ ናት። ሁሉም በሕይወት አሉ። ሌላ የምለው ቢጠፋኝ «አባትሽ መጽሐፉን ወደደው?» አልኋት። ጥቂት ዝም አለች። «አባዬ እኮ ማንበብ ካቆመ ቆየ። ዓይኑ የደከመው እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው» አለችኝ። ለካ ትምህርቱን የሚሰጠው በቃሉ ኖሯል፤ ከመጽሐፍ የሚነበብ ሲኖር ተማሪዎቹን ያስነብባል። ክንዴን የያዘውም ስለ ፍቅር ብቻ አልነበረም።

ግማሽ ቀን ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው አለማየቱን ሳላይ ቀረሁ። ይህን በእኔ ግድየለሽነት ብቻ ማሳበብ ይቀል ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያ የጠለቀ ይመስለኛል። በዓል ለእንግዳው በር ሲከፍት ባለቤቱን ደግሞ ሕመምህን ሸፍን ብሎ ያዝዘዋል። የተሻለው ጋቢ ይለበሳል፤ ብድርም ቢሆን ዶሮ ይታረዳል፤ የከፋው ሰው ፊቱን ይፈታል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሕዝባችን እንግዳን የሚያከብርበት ሥርዓት ነው። ኋላ ለምን እንደ ደበቀኝ ብወቅሰው «ታዲያ በአሸንድዬ ቀን ዓይኔን አመመኝ ብዬ ላስለቅስህ ኖሯል?» ብሎ ሳቀብኝ። መልስ አልነበረኝም። እንግዲህ የተከለለውን ለማየት የሚችለው በዓሉ ሲያልፍ፣ ሳፋው ሲታጠብ፣ ጉዝጓዙ ሲጠረግ እዚያው የተገኘ ብቻ ነው።

በኪነ ጥበባት ሙያ የተሠማራን ሰዎችም በዚህ ረገድ የምንኮራበት ብዙ የለንም። ወደ ሕዝቡ የምንወርደው በአብዛኛው መቅረፀ ድምፃችንን ይዘን በበዓል ሰሞን ነው። ዘፈኑን ቀድተን እንመለሳለን፤ ዘፋኟ በማግሥቱ የት እንደ ዋለች፣ ትምህርቷን ቀጥላ እንደ ሆነ ወይም አቋርጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ከዚያ ጉዞ ያመጣሁት ድምፅ እስከ ዛሬ አለ፤ በመካከሉ የወዳጄ ሳቅ ይሰማል።

በዓሉ ባይኖር ኖሮ እስከ ነጭራሹ አልሄድም ነበር የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እቀበለዋለሁ። ሰበብ ሆኖ ያደረሰኝ እርሱ ነው፤ በዓሉን አልከስስም። ከበሮው ዝም ሲል አብሬ የተነሣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በስልክ አነብለታለሁ። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ እኔም ለራሴ ሌላ ቅጂ ገዝቻለሁ። አንዳንዴ መስመሩ ይቆረጣል፤ አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አንዳንዴ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሲያማርር ሳናነብ እንቀራለን። ባለፈው ማክሰኞ እጅግ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ስንደርስ «ቆይ፣ ቆይ» አለኝ፤ ጥጃው ገመዱን በጥሶ ገብሱ ውስጥ ገብቷል። ስልኩን መደብ ላይ ትቶት ሄደ። ከሩቅ የልጅቱ ጩኸትና የውሻው ድምፅ ይሰማኛል። ጣቴን ከመስመሩ ላይ ሳላነሣ ጠበቅሁት።