በጣራው ዙሪያ መከታ

ንባብ፦ ዘዳግም 22፥8፤ ማቴዎስ 4፥5-7፤ ሉቃስ 13፥4-5፤ 2ኛ ሳሙኤል 23፥15-17



በዘዳግም ምዕራፍ 22 ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈጠን ብለን የምናልፈው አንድ ቁጥር አለ። ስለ መሥዋዕት አይደለም፣ ስለ ጾምም አይደለም። ስለ ቤት አሠራር ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ፣ የወደቀው ሰው ደም በዚያ ቤት ላይ ይቆጠራል። በዚያ አገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነበር። ረዓብ ተልባዋን ያሰጣችው ጣራ ላይ ነው፣ ጴጥሮስም ሊጸልይ የወጣው ጣራ ላይ ነው። ሰው በየቀኑ የሚወጣበትና የሚሠራበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

ትእዛዙ ለማን እንደ ተሰጠ ልብ በሉ። ለሚወጣው ሰው «ተጠንቀቅ» አላለም። የተናገረው ለባለቤቱ ነው። እንግዳው ዝንጉ ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ደክሞት ሊሆን ይችላል። ሕጉ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «መከታው የታለ?» ብሎ ብቻ ነው።

እኛ በጸሎታችን እግዚአብሔርን «መከታዬ» እንለዋለን። በስደት ላይ ላለ ሰው ይህ ቃል ትልቅ ነው። የሚገርመው ግን መከታችን የሆነው አምላክ፣ እኛም በእጃችን ለሌላው ሰው መከታ እንድንሠራ ማዘዙ ነው። ታዲያ ዛሬ አብረን እንድናስበው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ ራስንና ሌላውን ከአደጋ መጠበቅ የእምነት ማነስ ነው ወይስ የእምነት ሥራ?

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በመካከላችን የሚነገር ነገር አለ። «ቀኑ ከደረሰ በአልጋ ላይም ይሞታል» እንላለን። «ስንቱን በረሃ ያሻገረኝ ጌታ አሁን አይተወኝም» እንላለን። ይህን የሚል ሰው አይዋሽም። ብዙዎቻችን በሰው አሳብ ከማናመልጥበት ቦታ አምልጠን ነው እዚህ የደረስነው። ነገር ግን ጌታችን ራሱ በአንድ ትልቅ ጣራ ጫፍ ላይ ቆሞ እንደ ነበር አትርሱ። ፈታኙ ወደ ቤተ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ «ዝለል» አለው፣ መላእክት እንደሚጠብቁትም ከመጽሐፍ ጠቀሰለት። ኢየሱስ አልዘለለም። አባቱ እንደሚጠብቀው ስላላመነ አይደለም። እግዚአብሔርን መፈተን እምነት ስላልሆነ ነው። ከጣራው በሰላም መውረዱ እምነቱን አላሳነሰውም።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንሂድ። ከመካከላችን እዚያ ወንድም ወይም ልጅ የሌለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2016፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 21 ቀን 2008 ዓ.ም፣ በናይሮቢ ሁሩማ ሰፈር አንድ ባለ ስድስት ፎቅ የኪራይ ቤት ከከባድ ዝናብ በኋላ በሌሊት ፈረሰ። ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። ቀኑ በእኛ ዘንድ ስቅለት ነበር። ቤቱ በወንዝ ዳር የተሠራ ነው፣ እንዲፈርስ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት እንደ ነበርም ባለሥልጣናት ተናገሩ። ሰው ግን እየተከራየ ይኖርበት ነበር። ድሃ ኪራይ የሚችልበት ቦታ ይገባል፣ ግድግዳውን መርምሮ አይገባም።

ከ80 ሰዓት ገደማ በኋላ አንዲት ሕፃን በባልዲ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ በሕይወት ተገኘች። እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፣ ማለትም ይገባናል። ነገር ግን ስለ ሕፃኗ ያቀረብነው ምስጋና ስለ 50ዎቹ መጠየቅን ሊያስቀርብን አይገባም።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሆን ሁለት ዓይነት ስሕተት እንሠራለን። አንዱ «ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው» ማለት ነው። ኢየሱስ ይህን ዘግቶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል፤ ሰሚዎቹንም ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሳቸው። ሁለተኛው ስሕተት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። የዘዳግም ሕግ ደግሞ ይህን ይዘጋዋል። ሰው ከጣራ ሲወድቅ ሕጉ ወደ ሰማይ አያመለክትም፣ ወደ ባለቤቱ ነው የሚያመለክተው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ፦ በወደቀው ላይ አትፍረዱ፤ መከታ መሥራት ይችል የነበረውን ግን ጠይቁ።

ምናልባት «እኔ እኮ ስደተኛ ነኝ፣ የምን ቤት፣ የምን ጣራ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እንፈልገው፤ ሁላችንም ሌላ ሰው የሚወጣበት ጣራ አለን።

የመጀመሪያው ጣራ ጂኮው ነው። ናይሮቢ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይበርዳል። አንዲት እናት በኢስሊ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ማታ ቡና አፍልታ ከሰሉ ፍም ሲሆን ለሙቀት ብላ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። በሩን ትዘጋለች፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ትደፍናለች፣ ልጆቿን ታስተኛለች። ፍቅሯ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከሰል ጢሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው፣ የማይታይ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የተኛ ሰው አይነቃ ይሆናል። መከታው ምንድን ነው? ጂኮውን ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ማውጣት። ከሰል በሚነድበት ጊዜ በርና መስኮት መክፈት። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ወደ ክሊኒክ መሄድ። እዚህ ካምፕ ውስጥም ዝናብ ሲመጣ ምድጃውን ወደ ቤት የምናስገባ አለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ሁለተኛው ጣራ የአገሩን ልጅ ያሠራ ሰው ነው። ከእኛ መካከል ጥቂቶች በርትተው የብየዳ ቤት፣ ምግብ ቤት ወይም አነስተኛ የግንባታ ሥራ ከፍተዋል። ከካኩማ ወይም ከዳዳብ የመጣ ወጣት ሲያገኙ ያስጠጉታል። መልካም ነው። ግን «እንጀራ ሰጥቼዋለሁ» ማለት መነጽርና ጓንት ከመስጠት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግም የመከላከያ ልብስና ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚያዝዝ ሌላ ሕግም በዚያው ዓመት ወጥቷል። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ የሥራ ፈቃድ የሌለው ልጅ ሄዶ አይከስም፣ ይፈራል። አሠሪው ይህን ያውቃል። እንግዲህ መከታ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፦ ማንም የማይጠይቅህ ሲሆን የምትሠራው። ሰው ባይጠይቅ ደም ይጠይቃል።

ሦስተኛው ጣራ የእኛው ነው፣ እዚህ ካምፕ ውስጥ ያለነው። ስልኩን አስቡት። ልጁ ናይሮቢ ኪባሩዋ፣ የቀን ሥራ ይሠራል። ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ማሰሪያ በሌለው መወጣጫ ላይ ይወጣል። እኛ እንደውላለን። «ሬሽን ቀንሷል፣ ላክልን።» እርሱም ይልካል። ወገቡን ሲያመው አይነግረንም። ኤምፔሳው ሲገባ «ተባረክ» እንላለን፣ ገንዘቡ ከየት ከፍታ ላይ እንደ ወረደ ግን አንጠይቅም።

ዳዊት አንድ ቀን ተጠምቶ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላኑ የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው አመጡለት። ዳዊት ሊጠጣው አልወደደም። ነፍሳቸውን አስይዘው ሄደው ያመጡት ስለሆነ ደማቸው ሆኖ ታየው፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። እኛ ዳዊት ያደረገውን ማድረግ አንችልም። የተላከልንን ገንዘብ አናፈስሰውም፤ ልጆች ይበሉበታል። ዳዊት ያየውን ግን ማየት እንችላለን። በውኃው ውስጥ ሰው አየ። ስለዚህ ከ«ላክ» በፊት «ሥራው እንዴት ነው? ጓንት ሰጡህ? ሌሊት ትተኛለህ?» እንበል። «አደገኛ ከሆነ ተወው፣ እኛ በትንሹ እንብቃቃለን» የሚል ቃል ከእናት አፍ ሲወጣ፣ ለዚያ ልጅ ትልቅ መከታ ነው። እምቢ ማለት የሚችለው እምቢ በማለቱ እንደማናዝንበት ካወቀ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። «ሥራው አደገኛ ነው፣ ብተወው ግን ልጆቼ ይራባሉ፤ ብገባበት ኃጢአት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጦሙን ላደረ ሰው «አትግባ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፣ ፈራጁ የጠገበ ከሆነ። ዘዳግም ደሙን ያደረገው በቤቱ ላይ እንጂ በወደቀው ላይ እንዳልሆነ አይተናል። ስለዚህ ሸክሙን በአንተ ላይ አልጨምርም። ነገር ግን ሕይወትህ ርካሽ ናት ብለህ አትግባ፤ ገንዘብ የሚሰጥህ ሰው ዋጋህን አይወስንም። ብቻህን አትሂድ፣ ከጓደኛ ጋር ሂድ። ካዞረህ ውረድ። መወጣጫው ሲወዛወዝ ካየህ ተናገር፣ ከአንተ በኋላ የሚወጣ አለና። እኛም እንደ ጉባኤ «እንጸልይልሃለን» ብለን ብቻ አንሰድህም። አንድ ጥንድ ጓንት ለመግዛት መዋጮ ማድረግ እንችላለን፤ ያም ከጸሎቱ ጋር ይቈጠራል።

በዚህ ሳምንት በየቤታችን እንነጋገርበት፦ በእኔ ጣራ ላይ የሚወጣው ማን ነው? የጎደለው መከታ የቱ ነው? ዛሬ ማታ ልሠራው የምችለውስ?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ አንተ መከታችን ነህ። በናይሮቢ በከፍታ ላይ የሚሠሩትን፣ በተዘጋ ክፍል የሚተኙትን ጠብቅ። ያጣናቸውን አስብ። እኛንም የወንድማችን ደም እንዳይገኝብን ዓይናችንን ክፈት፣ እጃችንንም ለሥራ አበርታ። አሜን።