ሙላት ለማን ዓይን?

ገላባትንና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው አንድ ጠባብ ወንዝ ነው። ከወንዙ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የቆዩ ዘመዳሞች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይን ወደ ሰውነት ያመራል። በአማርኛ «ወፈርሽ፤ ተስማምቶሻል» መባል ከምርቃት አይተናነስም። «ምነው ከሳሽ?» የሚለው ጥያቄም ስለ ሥጋ የቀረበ ይምሰል እንጂ የሚያጣራው ኑሮን ነው፤ ምን ጎደለሽ፣ ማን በደለሽ ማለት ነው። ለአራስ ገንፎው በቅቤ ርሶ የሚቀርበውም ሰው እንዳላት እንዲታወቅ ጭምር ነው። በዚህ አነጋገር ሰውነት ለእይታ የቀረበ ዕቃ አይደለም፤ የመጠበቅና የመወደድ ምስክር ነው።

በገዳሪፍ በኩል ልማዱ ጠንከር ይላል። በሱዳን ወግ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ከፀሐይና ከሥራ ተከልላ ትቀመጣለች፤ በጠልሕ እንጨት ጢስ ትታጠናለች (የወይባን ጢስ የሚያውቁ የጎንደርና የወሎ ሴቶች ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም)፤ ድልካ በሚባል መዓዛማ ሊጥ ትታሻለች፤ እንድትሞላም ትመገባለች።

የዓለም የፋሽን መጽሔቶች በአንጻሩ ለአሥርተ ዓመታት ያወደሱት ቀጭኗን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል የሆነችው ሊያ ከበደም ያለፈችው በዚያው መስፈሪያ ነው። ኋላ ግን ተቃውሞው በረታ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አሽሊ ግራሃም የታወቀ የአሜሪካ ስፖርት መጽሔት የፊት ሽፋን ላይ ወጣች፤ በ2017 ደግሞ ፈረንሳይ ሞዴሎች የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርቡ አስገደደች። እንግዲህ የድንበሯ ሴት ከዚህ ዘመቻ የምትማረው ምን አለ? ሙላቷ ጥንትም ተመስግኖላት ነበርና።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሱዳን ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በመዋቢያ ዕቃ መሸጫዎች ሳይቀር፣ የማወፈሪያ ክኒን ሲቸረቸር ኖሯል። ከእነዚህ አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ወስዳው በድንገት ያቋረጠች ሴት፣ ሰውነቷ የራሱን መሰል ንጥረ ነገር ማመንጨት ትቶ ስለሚቆይ፣ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። ፓሪስ ላይ ለመቅጠን የምትራብና እዚህ ለመወፈር ክኒን የምትውጥ ሴት በመልክ ቢለያዩም ለአንድ ዳኛ ያድራሉ። አዲሱ የ«ሙሉ ሴት» ምስልም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዳሌው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ሆዱ የተኛ ነው፤ ሜትሩ ተለወጠ እንጂ መለካቱ አልቀረም።

የቀድሞው ልማድስ ንጹሕ ነበርን? አልነበረም። ሙሽራይቱን መብላት ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ሆኖም የምታበላት እናት ወይም አክስት ከጎኗ ነበረች፤ ብትታመም ታስታምማታለች። ክኒን ሻጩ ስሟን እንኳ አያውቅም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሸሽተው ተከዜን የተሻገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ሱዳን ገቡ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት ወዳለው ኡም ራኩባ መጠለያ ተወሰዱ። እዚያ አንዲት እናት ከወራት በኋላ ልጇን «ትንሽ ሞላ አልሽ» ብትላት፣ ዳሌዋን መለካቷ አይደለም። ልጅቷ እህል ቀምሳለች፤ እናትም አይታለች።