የማይታጩት

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ሲደርስ የእንጀራና የቡና ሽታ ይቀበለዋል። ከተማው ይህን አጭር መንገድ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ ለሚነዳ ሰው፣ ቤቨርሊ ከሚባለው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ሲቢኤስ በ1952 የከፈተው የቴሌቪዥን ሲቲ ስቱዲዮ ይታያል። በአንዱ ጫፍ ሰው ሰውን ያጎርሳል፤ በሌላው ጫፍ ሰው ለሰው ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በመኪና አጭር ነው። በሐሳብ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዟል።

እንበልና አንድ ቅዳሜ ማታ ከጎዳናው ምግብ ቤቶች በአንዱ ሁለት ሐበሾች ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀጣጥረዋል። እሱ የመጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መሶቡ ዝቅ ያለ፣ በርጩማው አጭር በመሆኑ ወንበሩ አልጠጋ ይላል፤ አስተናጋጇ ይህን አይታ ከፍ ወዳለ ጠረጴዛ ታዛውራቸዋለች። በያይነቱ ይቀርባል። ትንሽ እንደተጫወቱ እሷ ጠቅለል አድርጋ ታጎርሰዋለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውም ይከተላል። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ይህን አይተው ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «ምን ዓይነት ደግ ልጅ ናት!» ይላሉ። በእግሩ የገባ ወንድ ቢሆን ኖሮ ያቺው ጉርሻ የምታስብለው ሌላ ነበር፦ «ወዳዋለች»።

እጇ ያው ነው፣ እንጀራውም ያው ነው። ከወንበሩ ጋር የተለወጠው የተመልካቹ ንባብ ነው፤ ፍቅር የነበረው ምጽዋት ሆኗል። ልጅቷም ሳታስበው ጻድቅ ተደርጋለች፣ እሱም ሳይለምን ተመጽዋች። ስለ አካል ጉዳተኞች ፍቅር የሚሠሩ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ የጎረቤት ዓይን ወስዶ ለስላሳ የፒያኖ ድምፅ መጨመር ነው።

የብሪታንያው ቻናል ፎር በ2012 «ዘ አንዴታብልስ» የተባለ ተከታታይ ፕሮግራም ጀመረ። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የማይታጩት» እንደ ማለት ነው። የአካል ጉዳት፣ ኦቲዝም፣ የመማር እክል ወይም ለየት ያለ የፊት ገጽታ ያላቸውን ሰዎች በመጀመሪያ ቀጠሯቸው ይከታተላል። የፕሮግራሙ ሰዎች ስሙ የማኅበረሰቡን ጭፍን ግምት ለመገዳደር የወጣ እንጂ ለስድብ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። የተሳታፊዎቹን ፎቶ ከዚያ ቃል ጋር አጣምረው በመንገድ ዳር የተሰቀሉት ማስታወቂያዎች ግን ብዙ ቅሬታ አስነሡ። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ምፀቱን የሚፈታበት ጊዜ የለውም። ፊቱን ያያል፣ ቃሉን ያነባል፣ ሁለቱን ያገናኛል።

የሚገርመው በዚያው ዓመት ክረምት የሆነው ነው። ለንደን የፓራሊምፒክ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ ይኸው ጣቢያ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችን «ከሰው በላይ የሆኑ» ብሎ አስተዋወቀ። በፀደይ የማይታጩ፣ በበጋ ከሰው በላይ! በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ሰው ብቻ ሆኖ የሚኖርበት፣ ባዶ ቀረ። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ አልፎ አልፎ የሚሰለች፣ መልከ መልካም ሴት ስታልፍ ዘወር ብሎ የሚያይ ተራ ሰው በየትኛውም ማስታወቂያ አልነበረም።

«ላቭ ኦን ዘ ስፔክትረም» ከዚያኛው ይልቅ የለሰለሰ ነው። በ2019 በአውስትራሊያ ተጀምሮ በኔትፍሊክስ በኩል ዓለምን ያዳረሰ፣ በ2022 የአሜሪካ ቅጂው ወጥቶ በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት ያገኘ ፕሮግራም ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ፍቅር ሲፈልጉ ያሳያል፤ ከአሜሪካኖቹ ተሳታፊዎች አንዳንዶቹም የዚያው የሎስ አንጀለስ ልጆች ናቸው። ለተሳታፊዎቹ ያለው ርኅራኄ የውሸት አይመስልም። ሆኖም ተራኪዋ እያንዳንዱን ሰው የምታስተዋውቅበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ይህን ይወዳል፣ ያንን ደግሞ አይወድም። መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ የተለጠፈ የልጆች ዝርዝር ይመስላል። የሚተዋወቀው ግን ጢም ያወጣ፣ ምናልባትም ሥራ ያለው ጎልማሳ ነው። በየምዕራፉ እናትና አባት አሉ፤ አሠልጣኝ መጥታ እንዴት ዓይን ለዓይን እንደሚተያዩ፣ እንዴት ጥያቄ እንደሚጠይቁ ታስተምራለች። የሚማረው ሁልጊዜ አንደኛው ወገን ብቻ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት የማይወድን ሰው ሌላው እንዴት ይጫወተው የሚል ትምህርት አይሰጥም።

ለነዚህ ፕሮግራሞች የሚቀርበው መከላከያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሰዎቹ ፈቅደው ነው የገቡት። ከነሱ መካከል የዘለቀ ጓደኛ ያገኙ አሉ። ደግሞም ማን ያያቸዋል የሚለውን ማሰብ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ አገራቸው ተመልሰው፣ የራሳቸውን ልጅ ይዘው የገቡበት ትግል በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ሲያስከፍት፣ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ በጓዳ የሚደበቅ ምስጢር ነበር። ቤተሰቡ እርግማን ነው ብሎ ያፍራል፣ ጸበል ለጸበል ይንከራተታል፣ እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋል። እኚህ ሴት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያን በር ሲያስከፍቱ ኖሩ። የተደበቀ ልጅ ያላት እናት፣ አዲስ አበባም ትሁን ኢንግልውድ፣ ማታ ሶፋዋ ላይ ሆና ልጇን የሚመስል ሰው አበባ ይዞ ቀጠሮ ሲሄድ ብታይ የምታለቅሰው በፒያኖው ተታልላ ብቻ አይደለም። ልጇ አንድ ቀን ሰው ሊወድ እንደሚችል ሲነገራት ያ የመጀመሪያዋ ሊሆን ይችላል። ለእሷ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን መውጣት ትልቅ መንገድ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ጥፋቱ በጥያቄው ላይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሰው የሚወደው ይገኝ ይሆን? ጥያቄው በደግነት ሲጠየቅም አካል ጉዳተኛውን ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሌላውን ሁሉ ፈታኝ ያደርገዋል። «እሱስ ማንን ይወድ ይሆን?» የሚለው እምብዛም አይነሣም።

ዕውር ምን ይሻል ቢሉ ብርሃን፣ ይላል የአበው ተረት። ጥበብ ተደርጎ ሲነገር የኖረ ነው። ግን ጠያቂው መልሱን ራሱ ይዞ መምጣቱን ልብ ይሏል። ዓይነ ስውሩ ምናልባት የፈለገው ጥሩ ጠላ፣ ወይም የሰፈሩን ድምፀ መረዋ ልጅ ይሆናል። ተረቱ ለዚያ ቦታ የለውም፤ ጉድለቱን ከማስሞላት ሌላ ምኞት አይፈቅድለትም።

በአገር ቤት የጋብቻ ሥርዓት ይኸው ጥያቄ ካሜራ ሳይመጣ ሲጠየቅ ኖሯል። ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፣ በቤቱ ደዌ አለ ወይ ይባላል፣ ልጅቷ ውኃ ትቀዳ፣ ትፈጭ፣ ትወልድ እንደሆነ ይጠየቃል። በዚህ ሚዛን ላይ የወደቀች ልጅ ምን ትሆናለች? ከሁሉ የሚገርመው መልስ የሕግ ባለሙያዋ የየትነበርሽ ንጉሴ ሕይወት ነው። በ1982 ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለዱ፤ በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። በዚያ አካባቢ እኩዮቻቸው ገና በልጅነት ሲዳሩ፣ ዓይነ ስውር በመሆናቸው ለትዳር አትሆንም ተባሉ። ስለዚህም ወደ ትምህርት ቤት ተላኩ። ዓይነ ስውርነታቸው ካለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናቸው እሳቸው ራሳቸው በየመድረኩ ተናግረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠሩት ሥራ በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። አግብተው ልጆችም ወልደዋል።

ይህን ታሪክ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀናል፤ ያ ግን ቁም ነገሩን ማምለጥ ነው። «አትሆንም» የተባለችው ልጅ ያመለጠችው «ትሆናለች» ከተባሉት ዕጣ ነው። ሚዛኑ እንግዲህ የሚለካው ማን ለፍቅር እንደሚበቃ አልነበረም፤ ማን ለሥራና ለወሊድ እንደሚያገለግል ነበር። ያለፉትም የወደቁትም አልተጠየቁም። የየትነበርሽ የኋላ ትዳር ከዚያ ሚዛን የሚለየው «ታጭተው» ሳይሆን መርጠው የገቡበት በመሆኑ ነው።

ፈላስፋዋ አሚያ ስሪኒቫሳን በ2018 ባወጣችው፣ በኋላም በመጽሐፍ ባሰፋችው ጽሑፍ የዚህን ነገር አስቸጋሪነት አንሥታለች፦ ማንም በሌላ ሰው የመፈለግ መብት የለውም፤ ሆኖም ማን ተፈላጊ ይሆናል የሚለው ከማኅበረሰብ ሥልጣንና ልማድ ነፃ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ማግባትንና ቤተሰብ መመሥረትን መብት ብሎ ይጠብቃል፤ ለማንም ግን ሚስት ወይም ባል አያዝለትም፣ ሊያዝም አይችልም። ሕግ መከልከልን ይከለክላል እንጂ መውደድን አያዝም። እዚህ ላይ ነው ቴሌቪዥኑ ሊረዳ ይችል የነበረው፤ ሰው ማንን እንደሚመኝ በተወሰነ ደረጃ ከሚያየው ይማራልና።

አንዳንዴ ይረዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስበው። በ2021 የአሜሪካው «ዘ ባችለር» ላይ መስማት የተሳናት፣ በጆሮዋ የመስሚያ መሣሪያ የተተከለላት ወጣት አቢጌይል ሄሪንገር ቀረበች። በመጀመሪያው ምሽት ለሰውየው ከንፈሩን አብዝታ ብታይ እንዳይደነቅ፣ የምታነበው ከከንፈር መሆኑን ነገረችው። በእሷ አፍ ይህ የጤና መግለጫ አልነበረም፤ ማሽኮርመም ነበር። የመጀመሪያ ምሽት ጽጌረዳም ተሰጣት። ቆይታም የምትወልዳቸው ልጆች መስማት የተሳናቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አንሥታ አነጋገረችው፤ የሐበሻ ሽማግሌዎች በሹክሹክታ የሚያጣሩትን እሷ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በመጨረሻ ሰውየው አልመረጣትም። ሠላሳ ያህል ሴቶች የሚሰናበቱበት ፕሮግራም ነውና እሷም እንደ ሌሎቹ ተሰናበተች። ፕሮግራሙ በብዙ ነገር ባዶ ነው፤ ቢሆንም በዚህ አንድ ነገር «የማይታጩት»ን ይበልጣል። ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ በተሠራ ግቢ ውስጥ አላስገባትም፤ ስትሸነፍም የወገኖቿ ሁሉ ሽንፈት አልተደረገም።

ይኸው ዓይነት ፕሮግራም በ2024 «ላጤ» ተብሎ በአማርኛ፣ በዩቲዩብ መጥቷል። አንድ ቀን በእንዲህ ያለው ላይ በክራንች የምትሄድ ሴት ብትቀርብ የሚከተለውን መገመት አይከብድም። አካል ጉዳተኛ ሲያገባ በሚሠሩ የአገር ቤት ዝግጅቶች ላይ የተለመደ ጥያቄ አለ፤ ጋዜጠኛው ማይኩን ጉዳት ወደሌለበት ወገን አዙሮ «እንዴት ወደድካት?» ይላል። ቤተሰብስ ምን አለ? አልፈራህም? ሙሽራው ስለ እግዚአብሔር ሥራ ይናገራል፣ ዋሽንት ይሰማል። ሙሽሪትን «አንቺስ እሱን ለምን መረጥሽ? ከሌሎቹ ምን ለየው?» የሚላት የለም። ለጠየቃት ሰው ምናልባት ሌላ ሁለት ጠያቂ እንደነበራት፣ አንዱ ኩሩ፣ ሌላው ጨቅጫቃ ስለሆነ እንደመለሰቻቸው ትነግረው ነበር።

ፌርፋክስ ላይ ያሉት ሁለቱ እራታቸውን ጨርሰዋል። ቡናው ከመምጣቱ በፊት አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ሲወጡ ልጅቷን ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብለዋታል፤ እሷ ደንግጣ ስቃለች። ሒሳቡን እሱ ይከፍላል። ደግ ልጅ ናት፣ ቆንጆም ናት፤ ግን ማታውን ሙሉ ስለ ቀድሞ ጓደኛዋ ስታወራ ነው ያመሸችው፣ እሱ የሚሠራውን እንኳ አልጠየቀችውም። በር ላይ ተሳስመው ይለያያሉ። መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ወንበሩን አጣጥፎ ከጎኑ ካስቀመጠ በኋላ ስልኩን ያወጣል፤ ትንሽ ያስብና «አመሰግናለሁ፣ መልካም ምሽት ነበር» ብሎ ይጽፍላታል። ስለ ሚቀጥለው ቅዳሜ አይጠይቅም።