ጃኖ ለሁለተኛ ጊዜ

መርካቶ ሸማ ተራ ገብቶ ጃኖ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ያገላብጣል፣ ፈትሉን ይዳስሳል፣ ዋጋ ይከራከራል። ማን እንደ ሸመነው ግን አይጠይቅም። የአገራችን ሙዚቃም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነው የኖረው። ሮሃና ኢትዮ ስታርን የመሰሉ ባንዶች የስንቱን ድምፃዊ ካሴት አጅበው ሠሩ! በሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ግን የድምፃዊው ፎቶና ስም ነበር።

ስሙን ከዚሁ ባለ ሰፊ ቀይ ጥለት የመኳንንት ልብስ የወሰደው ጃኖ ባንድ በሌላ መንገድ መጣ። አዲስ ገሠሠ ያሰባሰባቸው ወጣቶች አራት ድምፃውያን ከፊት አሰልፈው፣ የሮክ ጊታርን ከአገር ቤት ቅኝት ጋር አዋሕደው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም በባንዱ ስም አወጡ። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር የሠራ፣ የእጅጋየሁ ሽባባውንም (ጂጂ) ሙዚቃ ለዓለም ካደረሱት አንዱ የሆነ ሰው።

ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ አልበም ጥሩ ድጋፍ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ሰው ይሰማል። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ከባንድ አባላት መካከል ድምፁ የተወደደለት ሲገኝ ለብቻው አልበም እንዲሠራ ወዳጅ ዘመድ ይመክረዋል፤ አሳታሚም የሚፈልገው አንድ ፊት ነው። ጭቅጭቁ በገቢ ይጀመራል፣ በስም ይጠናቀቃል።

ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የሲዲው ገበያ ተዳክሞ ዘፈን በየስልኩ የሚሰማበት ዘመን መጥቷል፤ አንድ ነጠላ ዜማ ለቅቆ መታየት ሲቻል ሙሉ አልበም መሥራት ትርፉ አጠያያቂ ሆኗል። ያም ሆኖ ሥራው የወጣው በአንድ ድምፃዊ ስም ሳይሆን እንደገና በጃኖ ስም ነው። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን የማከብረው ለዚህ ነው።

ባንድ ለማቋቋም የምታስቡ ወጣቶች፣ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ስለ ሁለተኛው አልበም ተነጋገሩ። ገቢው እንዴት እንደሚከፈል፣ ስሙ የማን እንደሆነ፣ አንዳችሁ ለብቻው መሥራት ቢፈልግ ምን እንደሚደረግ ገና ፍቅራችሁ ሳይቀዘቅዝ በጽሑፍ አስፍሩ። የጊታሪስቱንና የከበሮ መቺውንም ስም ሽፋኑ ላይ በጉልህ ጻፉ።