የልብ ሕመምና የልብ ሰላም

ቅዱስ መጽሐፍ ልብ ብሎ የሚጠራው የአሳብን ማደሪያ ነው፤ ሐኪም ልብ የሚለው ግን ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋውን ሥጋ ነው። ሆኖም አንዱ ሲታወክ ሁለተኛው በሰላም አያድርም። ሰው በተቈጣ ጊዜ ልቡ ይፈጥናል፤ የደሙ ግፊትም ከፍ ይላል። በ52 አገሮች ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የታተመው የኢንተርኸርት ጥናት፥ ለድንገተኛ የልብ ሕመም ከሚያጋልጡት መካከል ከሲጋራና ከደም ግፊት ጋር የመንፈስ ጭንቀትን ቈጥሯል።

ጠንቁ በየዕድሜው ይዘራል። በዱላና በስድብ ያደገ ሕፃን የፍርሃቱን ዕዳ ብዙ ጊዜ በጕልምስናው ይከፍላል። ወጣቱ ጭንቀቱን በሲጋራና በመጠጥ ላስታግሥ ሲል ሁለተኛ ደዌ ይጨምራል። ጐልማሳው ቂም ይዞ ያድራል። አረጋዊው የትዳር ጓደኛውን ቀብሮ ብቻውን ይቀመጣል።

እንግዲህ አባት ሆይ፥ ልጅህን ሳታስፈራ ገሥጽ። ወንድሙን የተቀየመ ሳይመሽ ይታረቅ። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ ሐዘንተኛውን ከአርባው ተዝካር በኋላም እንጐብኘው፤ ጐረቤት ተበትኖ ብቸኝነቱ የሚጸናው ያን ጊዜ ነውና። በዚህ ነገር እኔም ቸል ብዬ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ይህን ስንል የታመመ ሁሉ በኃጢአቱ ታመመ ማለታችን አይደለም፤ ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እንዲህ ያለውን ፍርድ አልተቀበለምና። ጸበል የሚጠመቅም የሐኪሙን መድኃኒት አያቋርጥ፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ እግዚአብሔር ነው።

ልባችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ አሜን።