ማን ይሸከመዋል?

አንዳንዱ ባል ለሚስቱ ወርቅ ቃል ይገባል። እኔ የገባሁት ጣናን ነበር። «ስንጋባ መኪና ይዘን፣ ብቻችንን፣ ጎጃምን አቆራርጠን ጣና ዳር እንሄዳለን» አልኳት። ከዚያ ልጅ ተወለደ፣ ዕቁብ ተጣለ፣ ቤት ተሠራ። ጣናም እዚያው ጠበቀን። ቃሉ የተፈጸመው ከሠርጋችን ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ነው።

መንገዱ አላስቸገረንም፤ ሚስቴን ያስቸገርኳት እኔ ነኝ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ «እስኪ ቆም በልና የዓባይን በረሃ እንየው» አለች። «ስንመለስ» አልኳት። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግረን ደጀን ስንወጣም «ስንመለስ» አልኳት። ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና አማራት፤ «ፍኖተ ሰላም እንጠጣለን» አልኩ። ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ «እንጅባራ ይሻላል» አልኩ። ሳይጨልም ባሕር ዳር ልገባ ቆርጬ ነበርና ገባሁ። «ገባን» ለማለት ያሳፍረኛል፤ እሷ ከእንጅባራ ወዲያ ቃል አልተነፈሰችም።

በማግስቱ መኪናዋን ሆቴል አቁመን በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከጀልባው ወርደን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው የእግር መንገድ ገባን። ግራ ቀኙ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ፤ ከላያቸው ደግሞ ፀሐይ የማያስገባ ትልልቅ ዛፍ። ከመንገዱ ዳር አረፍ ያሉ ሽማግሌ አገኘንና ሰላምታ ሰጥተን፣ «አባቴ፣ ይህ ጫካ እንዲህ እንዳለ እንዴት ቀረ?» አልኳቸው።

«ስለማይታረስ ነዋ!» አሉኝ።

የዘጌ ሰዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አላቸው። አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት ጻድቅ፣ ሕዝቡ ያለ ሞፈርና ቀንበር እንዲኖር ከፈጣሪ ቃል ኪዳን ተቀበሉ ይላሉ። ስለዚህ በባሕረ ገቡ ላይ አይታረስም፤ በሬም አህያም አይገባም። የሌላው አገር መሬት ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ዘጌ ደን ሆኖ የቆየው በዚህ ነው። እኔም ሰባኪነት አማረኝና ወደ ሚስቴ ዞሬ «አየሽ፣ ቃል ማለት ይሄ ነው!» አልኩ።

እሷ ግን ሽማግሌውን ነበር የምታየው። «ታዲያ እህሉን ከየት ታመጡታላችሁ?»

«በቡናውና በጌሾው እንሸምታለና፣ ልጄ።»

«አህያ ካልገባ ማን ይሸከመዋል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ማን ይሸከማል? ሰው ነዋ!»

ገና አፋቸውን ሳይገጥሙ፣ ከጀርባዋ ጎንበስ ያለች ሴት ውኃ ተሸክማ ከሐይቁ ወደ ላይ በአጠገባችን አለፈች። መንገድ ለቀቅንላት። ሚስቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። ምንም አላለችም፤ እንድትልም አላስፈለገም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። ቃል መጠበቅ ክቡር ነገር ነው። ያ ቃል ባይኖር ያ ጫካ ባልኖረ ነበር። ግን ስለ ቃል ስናወራ የገባውንና የጠበቀውን እናወድሳለን እንጂ የተሸከመውን አንጠይቅም። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ ስለ ዘጌ ባጠኑት ጥናት፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያ የቡና ደን ውስጥ ባሮች ይሠሩ እንደነበር ጽፈዋል። የእነዚያን ሰዎች ስም ሲጠራ የሰማሁት የለም። በሬ ከቀንበር ባረፈበት ምድር ሰው ቀንበር ተሸከመ ማለት ነው። ከተማ የምንኖረውማ የመግቢያ ዋጋ ከፍለን፣ ፎቶ አንሥተን፣ «ደኑን ጠብቁልን» ብለን እንመለሳለን።

«ታዲያ ቃሉ ይፍረስ?» የሚል አይጠፋም። አይፍረስ። ሸክም የሌለው ቃል የለም። ነገር ግን ቃል የሚጸድቀው ሸክሙን የሚጋራ ሲገኝ ነው። አንዱ እየተሸከመ ሌላው የሚኮራበት ቃል፣ ቢጠበቅም እንኳ እንደተጠበቀ ለመቁጠር ይከብደኛል።

ትዳርም እንደዚያው ነው። «ለትዳራችን ስል» የሚለው ብዙ ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ ሕፃን ያላባበለው ወገን ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣናን አልረሳሁም ብዬ እኮራ ነበር። ማስታወስ ግን መሸከም አይደለም። ዕረፍት እንዲወጣልን ልጁን እናቷ ዘንድ ያደረሰች፣ ስንቁን የቋጠረች፣ ወጪውን ያብቃቃች እሷ ነበረች። እኔ መሪ ጨበጥኩ። ቃሌንም ቢሆን የፈጸምኩት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ስም ነበር፤ ለእሷ ቢሆን ኖሮ ጎሐ ጽዮን ላይ በቆምኩ።

ስንመለስ ቁልፉን ሰጠኋት። ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና ጠጣን። ደጀን ላይ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመችና በረሃውን ቁልቁል ስናይ ብዙ ቆየን። አዲስ አበባ የገባነው መሽቶ ነው። በዚያ መንገድ ሌላ ጊዜ እንደምንመለስበት አልተጠራጠርንም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሣ ግን የሽርሽሩ መንገድ የሥጋት መንገድ ሆኖ ከረመ። «ስንመለስ» የሚለው ቃልም ለካ ሸክሙን ለነገ የሚያቆይ ቃል ኖሯል።

እስኪ እርስዎም ቤትዎን ይመልከቱ። የሚኮሩበት ቃል ካለ፣ ማን እንደተሸከመው ይጠይቁ።